ለተቀያሪዋ የተሰጠው ዋንጫ

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ወርቅዬ፤ ቤይሩት።

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያንን ሁሉ ደረጃ ባልዲ ይዘሽ ትወጫለሽ ትወርጃለሽ? እግርሽ ላይ ያበጠውስ ጎደለልሽ? ማዳምሽ እንዴት ናት? የምታስታምሚያቸው አሮጊት እናቷስ ከአልጋ ተነሡ? እንቅልፍ ታገኛለሽ? ምግቡስ ይስማማሻል? ወረቀቱ እስኪያልቅ ብጠይቅሽ በወደድኩ፤ እኔ ስጠይቅ የመናገር ተራዬ ይዘገያልና።

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን» ይባላል። አባባ በሕይወት ሳሉ ሲያጽፉን ሁለተኛዋ መስመር ሁልጊዜ እሷ ነበረች፤ ቤተሰቡ በሙሉ በወባ ተኝቶ እንኳ «ደህና ነን» አስብለውናል። እኔ ግን ዛሬ ያችን መስመር መጻፍ አቃተኝ። ባለቤቴ እስጢፋኖስ ደህና ነው። ልጄ ኤልያቄም ደህና ነው። እኔም በእግሬ እሄዳለሁ። ልጅሽ ዝማሬ ግን ደህና አይደለችም፤ ሆስፒታል ከተኛች ሃያ ቀን ሊሞላት ነው። በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ በግልጽ የምጽፍልሽ የሀገራችንን ልማድ ስለምታውቂው ነው፤ በሩቅ ላለ ሰው «ትንሽ አሟታል» ሲባል የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ሞታ የደበቅኩሽ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ጠዋት ግማሽ ብርቱካን በልታለች፣ ጨው የሌለው ሾርባ ይዤ በመሄዴም ተቆጥታኛለች። እንግዲህ ቁጭ በይና አንብቢው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ይገባሻል። እሁድ እሁድ ያችን አሥር ደቂቃ ስትደውዪ ማዳምሽ አጠገብሽ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ይህ ነገር በአሥር ደቂቃ አያልቅም፤ ቢያልቅም ስልኩ ተዘግቶ ብቻሽን ወጥ ቤት ውስጥ እንድትቀሪ አልፈለግኩም። እንዳንቺ እዚያ የምትሠራው ቡዜ ዕረፍቷን ጨርሳ ቅዳሜ ወደዚያው ትመለሳለች። ደብዳቤውን በእጅሽ እንድትሰጥሽ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺም አጠገብሽ እንድትቀመጥ ቃል አስገብቻታለሁ። አሁን ከጎንሽ አለች ብዬ እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

ባለፈው እሁድ በስልክ የሰማሽው ወሬ እውነት ነው። ልጅሽ በከተማው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ውድድር የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ተጫዋች ተብላ ዋንጫ ተሸልማለች። እዚህ ላይ አንድም ውሸት የለም። ውሸቱ «ቤት ነን» ያልንሽ ነው። «ምንድን ነው ጫጫታው?» ብለሽ ስትጠይቂ «ጎረቤት ዋንጫውን ሊያይ መጥቶ ነው» አልኩሽ፤ የሰማሽው ግን ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ የጠያቂ ሰዓት ደርሶ የሚገባውና የሚወጣው ሰው ነበር። አንቺ እልል ስትይ ድምፅሽ ከስልኩ ወጥቶ አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ድረስ ተሰማ፤ ሴትዮዋም «ማን ወለደ?» ብላ ጠየቀች። ዝማሬ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ቆየች፣ አንቺም «ተቋረጠ እንዴ?» ትይ ነበር። አልተቋረጠም ነበር፣ እትዬ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ስትሄጂ የሰጠሽኝ አደራ አንድ ነበር። ልጅቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ ከዚያ ጉልበቷ ካበጠ፣ ከዚያም ሐኪሞቹ ልቧ ተነክቷል ካሉ ወዲህ በየወሩ የምትወጋው መርፌ እንዳይቋረጥ። አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ «ምግብ ብትነሻት እንኳ መርፌዋን እንዳትነሻት» ብለሽኛል። እኔም አራት ዓመት አንድ ወር ሳላዛንፍ ወሰድኳት። ይህን ለመመስገን አልጻፍኩትም። አራት ዓመት የጠበቀ ሰው በአንድ ቀን አፉ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንድታዪ ነው።

አምና በጥር ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ቀን ጾም ጸሎት ነበረን። ዝማሬ ለወራት ደረት አላመማትም፣ ደረጃ ስትወጣም አትቆምም ነበር። በሦስተኛው ቀን እጅ ጭነው ጸለዩላት፣ እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ማይክራፎኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። «የእህቴን ልጅ ጌታ ፈውሷታል፣ ከዛሬ ጀምሮ መርፌ አታይም» አልኩ። ማንም እንዲህ በይ አላለኝም። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ፓስተራችን ሲወጡ ለብቻዬ ጠርተው እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነገር ግን ሐኪሟ ሳያያት መድኃኒቱን አታቋርጡ ብለውኛል። እኔ ግን በልቤ «እኚህ ሰውዬ እምነታቸው ቀነሰ እንዴ?» ብዬ አማኋቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጤና ጣቢያው ያለው ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት ነው፤ መርፌ የምትወጋውም ነርስ የዚያ ቀን እልል ካሉት አንዷ ናት። በወሩ ቀኑ ሲደርስ ልጅቷን ይዤ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ። መንገዱን ተሻግሬ ያን በር ብገባ ምን እንደምባል አሰብኩ። ያቺ በማይክራፎን የፎከረችው ሴትዮ ተመልሳ መጣች ይሉኛል አልኩ። ከአስፋልቱ ተመለስኩ። በሁለተኛው ወር እስከ አስፋልቱም አልሄድኩም። አንቺ በስልክ «መርፌውስ?» ስትይኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አልቀረባትም» አልኩሽ። እምነት ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እፍረት ነበር።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ዝማሬ መጥታ ከተፈወስኩ እንግዲህ ኳስ መጫወት እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አየሽ ወጥመዱን? አይሆንም ብላት የተናገርኩትን ራሴ መሻሬ ነው። «ማን ከለከለሽ!» አልኳት። አቦ አካባቢ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ የሚለማመድ ንስር የሚባል የሴቶች ቡድን አለ፣ እዚያ ገባች።

የኔን ደጋፊነት ግን ብታዪ ሳቅ ይገልሽ ነበር። መጀመሪያ ሴት ልጅ በቁምጣ ብዬ አጉረምርሜያለሁ። በኋላ ያሕያ የሚባለው አሰልጣኛቸው ማልያ ሊያሰፋ ሱቄ መጣ፣ አሥራ ሁለት ማልያ ሰፋሁላቸው፣ የዝማሬን ቁጥር ከሁሉም አስበልጬ አደመቅኩት። ልብሱ እንዴት እንደሆነላት ላይ ብዬ አንድ ቅዳሜ ሜዳ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጨዋታ አላመለጠኝም። ልብስ ሊያስለካ የሚመጣ ደንበኛ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ተዘግቶ ማግኘት ለመደ። ኳሷ ከሩቅ ስትገባ ሦስት፣ ከቅርብ ስትገባ ሁለት እንደምትቆጠር እስኪገባኝ ወር ፈጀብኝ፤ መጮህን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ልጅሽ ተቀያሪ ነበረች። ጨዋታው አራት ሩብ አለው፣ እሷ ፎጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ የወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሩቡ ሊያልቅ አራት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያሕያ ያያታል፣ ፎጣውን ትጥላለች፣ ትገባለች። ስትገባ ሜዳው ይለወጣል። አትሯሯጥም፤ ኳሷ የምትመጣበትን ቀድማ አውቃ እዚያ ቆማ ትጠብቃታለች። ከአንዷ እጅ ትነጥቃለች፣ ለሌላዋ ታቀብላለች፣ ከጥጉ ሆና ትወረውራለች፣ ኳሷም ቀለበቷን ሳትነካ ትገባለች። ከዚያ ራሷ ለያሕያ ምልክት ትሰጥና ትወጣለች። ቋሚዎቹ ሩቡን ሙሉ ሮጠው የማይሠሩትን በአምስት ደቂቃ ሠርታ ተመልሳ ትቀመጣለች። ያኔ እኔ እነሣለሁ። «ያሕያ! ዓይንህ የት ነው? ልጅቷን ለምን ታወጣታለህ?» እላለሁ። የሰፈሩ ወጣቶች «የተቀያሪዋ ጠበቃ» የሚል ስም አወጡልኝ። አንዴ ዳኛው ከሜዳ አስወጣሻለሁ ብሎ ጣቱን ቀስሮብኛል። እስጢፋኖስማ አንቺ ሴት፣ እንዲህ ቤተ ክርስቲያን ብትጮሂ ጣሪያው ይነሣ ነበር እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ያሕያ ጨዋ ልጅ ነው። በጥቅምት ውድድሩ ሲጀመር አሳዳጊ የሚፈርምበት የጤና ቅጽ አምጥቶልኛል። «የታወቀ ሕመም አለባት?» ይላል። «የለባትም» ብዬ ጽፌ በራሴ እጅ ፈርሜያለሁ። በግንቦት ደግሞ ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ሱቄ ድረስ አስጠርቼው ልጅቷን ከመጀመሪያው እንዲያሰልፋት ለመንኩት። እሱም ዝማሬ ራሷ «አምስት ደቂቃ ይበቃኛል፣ አስም ቢጤ አለብኝ» እንደምትለው ነግሮኝ፣ «እትዬ ውብነሽ፣ ከልብሽ ንገሪኝ፣ ሕመም አለባት?» ብሎ ጠየቀኝ። እትዬ፣ ያን ቀን ሌላ ሰው አልነበረም። ማይክራፎን አልነበረም፣ እልል የሚል አልነበረም። እሱና እኔ ብቻ ነበርን። «ጤነኛ ናት፣ ዓይን አፋር ስለሆነች ነው» አልኩት።

ግንቦት 30 ቅዳሜ ነበር። ያሕያ ስሟን ከአምስቱ ቋሚዎች ጋር ሲጠራ ዝማሬ ያየችው እሱን አይደለም፣ ወደ ሰዉ ዞራ እኔን ፈለገች። አየችኝ። እኔ ሁለት እጄን አነሣሁላት። የመጀመሪያውን ሩብ ሙሉውን ተጫወተች፣ ሁለተኛውንም ተጫወተች። በእረፍቱ ጀርባዋን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰቅላ ተኛች። ውኃ ይዤላት ሄድኩ። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እኔ ፀሐዩ መሰለኝ። «አክስቴ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለችኝ። «አይዞሽ፣ ሁለት ሩብ ነው የቀረው፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» አልኳት። ይህን ቃል በየቀኑ እሰማዋለሁ።

በሦስተኛው ሩብ ኳሷን ይዛ ከቀለበቱ ሥር ብቻዋን ቀረች። ሁላችንም ተነሣን። ሳትወረውር ቆመች። ከዚያ ኳሷን ሙሉ እንስራ እንደሚያሳርፍ ሰው ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ምን ብዬ እንደጮህኩ ልንገርሽ፤ «ተነሺ! ዝማሬ ተነሺ፣ ሰው እያየሽ ነው!» አልኩ። ያሕያ ደርሶ ሲያነሣት እጇ ተንጠለጠለ። ከለቡ የሚመጣ ሚኒባስ ሹፌር መንገድ ላይ አይቶን ተሳፋሪውን አውርዶ ሆስፒታል አደረሰን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ከልቧ በሮች ሁለቱ ጠበዋል፣ ደሙ ወደኋላ እየተመለሰ ሳንባዋ ላይ ውኃ ቋጥሯል አለችን። መርፌው መቼ እንደቆመ ስትጠይቅ ዝማሬ ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ፈቀቅ አድርጋ «እኔ ነኝ የተውኩት፣ አክስቴ ልትወስደኝ ትፈልግ ነበር» አለች። ልጅሽ እንዲህ ናት። እኔም ዝም አልኩ፣ እትዬ። እሷ በዚያች ትንፋሿ ስትዋሽልኝ አራት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሟን ኮሪደሩ ላይ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። «አሥራ ሰባት ወር» ብላ ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

ዝማሬ ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሕመሟ እንደተመለሰ ኳስ ከጀመረች በሦስተኛው ወር አውቃ ኖሯል። ልቧ ስንት ደቂቃ እንደሚችልላት ለይታ ነበር። መናገር ደግሞ እኔን ሰው ፊት ውሸታም ማድረግ መሰላት። ስለዚህ ባላት አምስት ደቂቃ ውስጥ ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ተማረች፤ ሳትሮጥ መቅደምን፣ አንዴ ብቻ ወርውሮ ማግባትን። እኔ ተበደለች ብዬ የምጮኸው ራሷን እያተረፈች ሳለ ነው። አሰልጣኟ የገባውን፣ እሷ የገባትን፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ።

ሽልማቱ ሰኔ 14 ቀን እዚያው ሜዳ ላይ ነበር፣ ዝናብ ስለፈሩ ድንኳን ተክለዋል። ማን ይቀበልልሽ ስትባል «አክስቴ፤ ከኔ የበለጠ የደከመችው እሷ ናት፣ በጩኸት» ብላ ቀልዳ ላከችኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ለምና ላከችኝ። ስሟ ሲጠራ ሰዉ ሁሉ፣ የተሸነፉት ቡድኖች ሳይቀሩ፣ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። እኔም አልደብቅሽም፣ እትዬ፣ ለአንዲት ደቂቃ ሁሉን ረሳሁት። ደስ አለኝ። እልል አልኩ፣ ነጠላዬ እስኪወድቅ ዘለልኩ። ያቺ ከወንበር ጫፍ የማትጠፋው ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ የተሟገትኩላት፣ ከሁሉ በላይ ስትባል ሰማሁ። ከዚያ አስተዋዋቂው ዋንጫውን ከመስጠቱ በፊት ለምን እንደተመረጠች አነበበ። ከተሸለሙት ሁሉ ትንሽ ደቂቃ የተጫወተች እሷ ናት፣ ሌላው በረጅም ሰዓት የሠራውን በአጭር ሰዓት ሠርታለች አለ። ዋንጫውን ያመጣላት ሕመሟ ነው ማለት ነው። እኔ ብቻ አወቅኩ። ማይክራፎኑን ሲዘረጉልኝ «ተቀብያለሁ» ብቻ ብዬ ወረድኩ። ያሕያ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ። የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ቅጹን አውጥቶ እንዳየው ብቻ ነው የነገረኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ምስክርነት አለኝ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ የተናገርኩትን መልሼ፣ ልጅቷን መርፌ የከለከልኳት እኔ መሆኔን፣ ፓስተራችንም አታቋርጡ ብለውኝ እንዳልሰማሁ ተናገርኩ። እልል ያለ የለም። ፓስተራችን ራሳቸውን ይዘው አለቀሱ። ስወጣ ሀና የምትባል እህት፣ የሷም ልጅ የልብ ሕመምተኛ ናት፣ ወደ ጥግ ሳበችኝና መርፌው በስንተኛው ቀን እንደሚሰጥ በለሆሳስ ጠየቀችኝ። አንቺም አቁመሽ ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት አቃተኝ። እጇን ይዤ መንገዱን አብረን ተሻገርን። እሁድ ስለነበር የጤና ጣቢያው መርፌ ክፍል ዝግ ነው፤ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቀጠርኳትና ከልጇ ጋር አስገባኋቸው።

ዝማሬ አንቺ እንዳትሰሚ አስጠንቅቃኛለች። ኮንትራትሽ ሊያልቅ ስምንት ወር እንደቀረው ታውቃለች፤ ብትሰማ ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ ለቡ የጀመረችው ቤት ጣሪያ ሳይለብስ ይቀራል ትላለች። ይህንን ደብዳቤ ስለ ዋንጫው ብቻ የምጽፍልሽ ይመስላታል። አንድ ጊዜ እኔ ስለ ሰው አፍ ብዬ ዋሸሁ፣ አንድ ጊዜ እሷ ስለ እኔ ብላ ዋሸች፤ አሁን ሁለታችን ስላንቺ ብለን ብንዋሽ ቆይተሽ የምትመጪው ለምንድን ነው? ቤቱ ሳር ይብቀልበት።

ሐኪሟ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል አለች። ወረፋው ረጅም ነው፣ ስሟን አስገብተናል አለች። ወረፋው እስኪደርስ ትችላለች ወይ ብዬ ስጠይቃት ልቧ ወረፋውን ይጠብቅ እንደሆነ አላውቅም አለችኝ። ከዚያ እናቷ የት ናት አለች። ቤይሩት አልኳት። ትናንት ደግሞ ደግማ እናቷ የት ናት አለችኝ። ሐኪም የሚያውቀውን ነገር ሁለት ጊዜ ሲጠይቅ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም።

ማኅተም ያለበት የሐኪሟ ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፏል። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ለማዳምሽ አሳዪያት። እሷም እናቷን የምታስታምም ሰው ናት፣ ይገባታል። ፓስፖርትሽን አልሰጥም ብትል ቡዜ የሚረዱሽን የሀገራችንን ሴቶች ታውቃለች፣ ተነጋግረናል። ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍልሽም። እንዲህ ያለ ነገር በቡዜ ቦርሳ አይላክም። መጥተሽ ፊቴን አይተሽ የምትይኝን በይኝ፤ ብትመቺኝም ቆሜ እቀበላለሁ፣ እስጢፋኖስም እንዳይገባብሽ ነግሬዋለሁ።

እስጢፋኖስ ሰላም ይልሻል፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሳይሄድ በሆስፒታል በኩል ዞሮ ያያታል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብላታል፣ ወጥቶ ግን መኪናው ውስጥ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። ኤልያቄም እጅ ይነሣሻል፤ ዋንጫውን ለክፍሉ ልጆች ላሳይ ብሎ ለምኖ አልተፈቀደለትም። ጎረቤታችን ዙሌካ ሰላምታዋን ታቀርባለች፤ ዝማሬ ከተኛች ጀምሮ የኛን ቤት ምሳ የምትሠራው እሷ ናት፣ በሶላቷም ታስባታለች። ያሕያ ስምሽን ባያውቅም «ለእናቷ ሰላም በይልኝ» ብሏል። ሆሳዕና ያሉት እማማ ገና አልሰሙም፤ አንቺ ስትደርሺ አብረን እንነግራቸዋለን።

ዝማሬ በጣም በጣም ሰላም ትልሻለች። ዋንጫው ራስጌዋ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ነርሶቹ መድኃኒት ሲያስቀምጡ ይገፉታል፣ እሷ መልሳ ታስጠጋዋለች። ለእማዬ ንገሪልኝ ብላ የሰጠችኝን ቃል እንዳለ አድርሻለሁ፤ «በሚመጣው ዓመት ስትመጣ ሙሉውን ጨዋታ ታየኛለች በያት» ብላኛለች።

እትዬ፣ የሚመጣውን ዓመት አትጠብቂ።

ታናሽ እህትሽ ውብነሽ
መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.